የንቦቹ ቀዳዳ

በዛወርቅ የመጋዘኑን ደጃፍ ስትጠርግ መጥረጊያዋ ሰብስቦ ያመጣው አቧራ ሳይሆን ንብ ነበር። ጎንበስ ብላ በመዳፏ አፈሰቻቸው። ጥቂቶቹ እግራቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ የቀሩት ደርቀዋል። ትናንትም ደጃፉ ላይ ወድቀው አግኝታቸው፣ የነሐሴ ብርድ ነው ብላ ጠርጋ አልፋለች። ዛሬ ግን ብዙ ናቸው።

ቀና ብላ ከበሩ ጎን ያለችውን ቀዳዳ አየች። አባቷ ጋሽ ተክለጻድቅ መጋዘኑን ያሠራው በድርብ ሳንቃ ነበር፤ ንቦቹ በሁለቱ ሳንቃዎች መካከል የገቡት እሷ ነፍስ ሳታውቅ ነው። አናጢዎች በደፈኑት ቁጥር አባቷ በመሮ መልሶ ይከፍተዋል። "ንብ መርጦ የገባበትን ቤት ሰው አይዘጋበትም" ይል ነበር።

"እትዬ በዛወርቅ፣ እንደምን አደሩ?" ግንበኛው ባፈና ከረጢቱን በትከሻው አንግቶ ከበሩ ደረሰ። እጇ ላይ ያለውን አይቶ ፈገግ አለ። "ቀዳዳውን ልድፈነው ስልዎ እምቢ አሉኝ። ይኸው፣ ራሳቸው ለቀቁልዎ።"

"አትቀልድ። ምን ነካቸው?"

"እኔንስ የነካኝን ማን ጠየቀኝ? ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ራሴን ይወጋኛል፤ ያቅለሸልሸኛል።"

"አረቄው ነዋ።"

"ኧረ እትዬ! ጌታን ከተቀበልኩ ስንት ዓመቴ!"

ሁለቱም ሳቁ። ከውስጥ የቀለም ሽታ ይመጣል፤ ከቀለሙ ሥር ደግሞ ሌላ ሽታ አለ፣ ነጭ ሽንኩርት የሚመስል። ባፈና አፍንጫውን ወደ ጎረቤት አጥር አዞረ። "እትዬ ኸይሪያ ደግሞ ማንን ሊድሩ ነው? ሳምንቱን ሙሉ ሲያቁላሉ ነው የከረሙት።"

በዛወርቅ ወደ ውስጥ ገባች። ምሥራቅ መሰላል ላይ ወጥታ የፊደል ገበታ ትሰቅላለች። ከሚዛን ተፈሪ የመጣች ወጣት መምህርት ናት፤ መጋዘኑን ለመዋዕለ ሕፃናት የተከራየችው እሷ ናት። ዝናቡ አዲሱን ቀለም እንዳይነካው መስኮቶቹን ዘግታለች። በግድግዳው ዳር ትንንሽ ፍራሾች ተደርድረዋል። ሚሊኒየሙ ከገባ በኋላ በመጀመሪያው ሰኞ ሕፃናቱ ይመጣሉ፤ ምሳቸውን በልተው እዚህ ወለል ላይ ይተኛሉ።

ወለሉ የአባቷ ነው። ባፈና ገና ከጅምሩ "ይነሣና ሲሚንቶ ይሁን" ብሏት ነበር፤ እሷ ግን ከሳንቃው አንዱም እንዳይነካ ብላ ተከራከረችው። ሳንቃው ዋንዛ ነው። በበሩ አጠገብ ሚዛኑ የቆመበት ቦታ ጎድጉዷል። ከሺሺንዳና ከማንኪራ ቡናና ኮረሪማ ጭነው የሚመጡት ሰዎች እዚያች ጎድጓዳ ላይ ቆመው ሚዛኑ እስኪረጋ ከአባቷ ጋር ይጨቃጨቁ፣ ይሳሳቁ ነበር። ሁሉም ሲሄዱ እሷ በሆዷ ትተኛና ጉንጯን ሳንቃው ላይ ትለጥፋለች። ወለሉ በቡና ገለባና በጆንያ ይሸታል። ከግድግዳው የሚወርደው የንቦቹ ድምፅ በሳንቃው ውስጥ አልፎ ጉንጯን ይነዝራት ነበር። አባቷ ከሞተ በኋላ አንድ የቢራ አከፋፋይ የተሻለ ኪራይ ሰጥቷት ነበር። እምቢ ያለችው ልጆች እዚህ ወለል ላይ ሲተኙ በዓይነ ሕሊናዋ ስለታያት ነው።

"እትዬ፣ ረስቼው" አለ ባፈና ከኋላዋ። ከከረጢቱ አንድ ነገር አውጥቶ በሁለት እጁ አቀረበላት። "ለማር የምትሆን ዕቃ አምጥቼልዎታለሁ። ከውጭ በኩል ገብቼ የበሰበሰውን ማገር ስቀይር ከወለሉ ሥር አራት አገኘሁ። ሦስቱን ለራሴ አስቀረሁ፣ እንዳይቀየሙኝ።"

የአሉሚኒየም ጠርሙስ ነበር፤ አንገቱ አጭር፣ ሆዱ ሰፊ። በዛወርቅ ተቀበለችውና ቆማ ቀረች። ታውቀዋለች።

ልጅ ሆና በቆሎው ሲነቅዝ አባቷ ክምሩን በሸራ ይሸፍንና ከእንዲህ ያለ ጠርሙስ የነቀዝ ክኒን እያወጣ ያስቀምጥበት ነበር። በእነዚያ ቀናት እሷንና እናቷን አክስቷ ቤት ይሰዳቸዋል፤ እሱ ዱላውን ይዞ ከበሩ ርቆ ይቀመጣል። አንድ ጊዜ ኳሷን ልታነሣ ወደ በሩ ስትሮጥ በሕይወቷ ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ በጥፊ መትቷታል። "እዚያ ውስጥ ያለው አይታይም፤ ትንፋሹ ይገድላል" አላት። በኋላም እሱ ራሱ አለቀሰ።

"ባፈና፣ ውስጡ ምን ነበረው?"

"እንደ ኖራ ጠጠር ያለ ነገር። ኖራ መስሎኝ ለወለሉ መሙያ ከፍርስራሹ ጋር ደፋሁት።"

"ከዚህ ሥር?"

"አዎ። መሬቱ እርጥብ ነበረ፣ ያደርቀዋል ብዬ..." ቃሉን አልጨረሰም። የእሷን ፊት አይቶ ነው።

"ምሥራቅ!" ብላ ጮኸች በዛወርቅ። "ውረጂ! አሁን ውረጂና ውጪ! ባፈና፣ መስኮቶቹን ክፈትና ተከተለን! ቤትህ ያሉትን ጠርሙሶችም ማንም እንዳይነካ!"

ከግብርና ጽሕፈት ቤት የተጠራው አቶ ከፈለኝ በባጃጅ ደረሰ። ከጎጃም ተመድቦ መጥቶ ቦንጋ የቀረ ሰው ነው። አንገቱን በበሩ አስግጎ ሳይገባ ተመለሰ።

"እሱ ነው። ክኒኑ እርጥበት ሲያገኝ ጋዝ ይሆናል፤ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት የሚሸተውም እሱ ነው። እዚህ አገር ደግሞ ዝናቡ መች አባርቶ ያውቃል? ጋዙ ከወለሉ ሥር በግድግዳው መሐል ወጥቶ ንቦቹን ጨረሳቸው። እናንተን ያተረፋችሁ ሥራው ስላልተጠናቀቀና በሩ ስለማይዘጋ ነው።"

ባፈና ግንባሩን ያዘ። "እኔ ነኝ ያደረግኩት።"

"አንተ ደግሞ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ትሄዳለህ።"

ምሥራቅ ሻርፗን አፏ ላይ እንደያዘች ቀረበች። "አቶ ከፈለኝ፣ መስኮቶቹን ከፍተን ብንጀምርስ? ለወላጆች ሰኞ ብያለሁ። ልጆቹ ተመዝግበዋል፣ ደብተር ተገዝቷል። በዚህ ዓመት ካልጀመርኩ ፈቃዱን እንደገና መጠየቅ ሊኖርብኝ ነው።"

"ከላይ ያለው በነፋስ ይሄዳል። ከሥር የቀረው ግን በየዝናቡ ይነሣል። መቼ እንደሚያልቅ እኔም አላውቅም። ወለሉ ተነሥቶ አፈሩ ካልወጣ ልጅ አስተኙበት ብዬ አልፈርምም።"

"ታዲያ አፈሩን እኔ ከቦዩ እደፋዋለሁ" አለ ባፈና።

"እንዳትሞክር! ቦዩ የሚወርደው ወንዝ ነው። አፈሩን በደረቅ በርሜል ከድነን ወደ ጅማ እናስወስደዋለን።"

ሁሉም ወደ በዛወርቅ ዞሩ። እሷ በበሩ በኩል ወለሉን ታያለች። ከተከፈተው መስኮት የገባው ብርሃን ሚዛኑ ከቆመበት ጎድጓዳ ላይ አርፏል።

"ሳንቃው ሲነቀል ይተርፋል?" አለች።

ባፈና ለመዋሸት አልሞከረም። "አይተርፍም፣ እትዬ። ምስማሩ ዝጓል፣ እንጨቱም ደርቋል። ይሰነጠቃል። ምናልባት ሚዛኑ ከቆመበት ትንሽ ቁራጭ ባተርፍልዎት።"

ምሥራቅም ወደ ጎድጓዳው ተመለከተች። በዛወርቅ አባቷ የመታውን ጉንጯን ዳሰሰች፤ ልጅ ሆና ሳንቃው ላይ የምትለጥፈውም እሱን ነበር።

"ንቀለው" አለች።

ሲነቀል አልቆመችም፤ ግን አጥሩ ውጪ ሆና እያንዳንዱ ሳንቃ ሲጮኽ ሰማች። አቶ ከፈለኝ ያመጣቸው ሠራተኞች አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው አፈሩን ጭነው ወሰዱት፤ አራቱም ጠርሙሶች አብረው ሄዱ። ምሥራቅ ወላጆችን ቤት ለቤት እየዞረች ትምህርቱ ከመስቀል በኋላ መሆኑን ነገረች። አንዳንዶቹ ተቆጡ፤ አንዲት እናት ግን ሰምታ ሳትጨርስ አቀፈቻት።

ዝናቡ ባባራበት ቀን ባፈና በተራቆተው መሬት ላይ ድንጋይ ደርድሮ ሲሚንቶ ያቦካ ጀመር። ሐኪም ቤት አንድ ሌሊት አሳድረውት ነበር፤ ቀልዱ ከእሱ በፊት ተመልሷል።

"እትዬ ኸይሪያ ይቅርታ ጠይቀኝ ብለውኛል። ሽንኩርቱን በእሳቸው ላይ ስላላከክሁ።"

በዛወርቅ ፈገግ ብላ ወደ ግድግዳው ሄደች። ጆሮዋን ከሳንቃው ላይ አኖረች። ምንም የለም። ሙጫና አሮጌ ሰም ብቻ ይሸታል።

ባፈና የግንበኛ ማንኪያውን ሲሚንቶ ሞልቶ ከኋላዋ መጣ፤ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እንግዲህ ማንም የለበትም፣ እትዬ። ቀዳዳውን አብሬ ልድፈነው?"

በዛወርቅ በጣቷ የቀዳዳውን አፍ ጠረገች፤ የደረቀ ክንፍ ወጣ።

"ተወው" አለች።