የአባ መቶ እጅ

የችግኝ ጣቢያው ሠራተኞች ሽማግሌውን አትክልተኛ «አባ መቶ» ይሏቸዋል፤ ስሙን ያወጣላቸው ሙያቸው ነው። ብርድ ሲገባ ችግኝ የሚፈላው በሙቅ መደብ ላይ ነው። ከታች ትኩስ የፈረስ ፍግ ይደለደላል፣ በላዩ ስስ አፈር ይለብሳል፣ ከዚያ የመስታወት ክዳን ይጫንበታል። ፍጉ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንደ ምድጃ ስለሚግል ዘር የሚዘራው ሙቀቱ ጋብ ሲል ነው። ያንን የሚፈርዱት አባ መቶ ናቸው። ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ፍጉ ውስጥ ይሰዱና ይቆጥራሉ፤ መቶ ከደረሱ ይዘራል፣ ካልደረሱ ይጠበቃል። በሠላሳ ዓመት አንድ ፍሬ ዘር አላሳረሩም።

ልጃቸውንም ያስተማሩት እንዲሁ ነው። በዘጠኝ ዓመቱ ክንዱን ጨብጠው ፍጉ ውስጥ ከተቱና እየጮኸ መቶ አስቆጠሩት። ለምን በመሣሪያ አይለካም ያላቸው እንደሆነ መልሳቸው አንድ ነበር፦ «ቴርሞሜትር እጅ ለሌለው ሰው ነው።»

ዘንድሮ ግን ጉድ ይዘዋል። የስኳር በሽታ ሁለቱንም እጃቸውን እስከ ክርናቸው አደንዝዞባቸዋል፤ ትኩስ ሻይ ቢፈስባቸው እንኳ የሚያውቁት ሲያዩት ነው። ለማንም ትንፍሽ አላሉም። እጁ የሞተ አትክልተኛን ማን ያስጠጋዋል? ፍግ የገባበትን ቀን በሆዳቸው እያሰሉ፣ ለይምሰል እየቆጠሩ ክረምቱን ሊያልፉ ቆርጠዋል።

የዛሬውን መደብ የሠራው ልጃቸው ነው። ዐሥር ቀን ሆኖታል አላቸው። መስታወቱ በላብ ተሸፍኖ አይተው ትንሽ ከነከናቸው፤ ግን የአብራክ ክፋይ አይዋሽም ብለው ተዉት። የጣቢያው ባለቤት ወይዘሮም መጥተው ከሠራተኞቹ ጋር ቆመዋል።

«አባዬ፣ ዛሬ ጮክ ብለህ ቁጠርልን» አለ ልጁ።

አባ መቶ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ሰደዱ። አርባ ላይ ሲደርሱ አንዱን ሠራተኛ በሰነፍነቱ አሾፉበት። የሳቀ የለም። ሰባ ላይ ወይዘሮዋ አንድ ነገር ሊናገሩ ሲሉ ልጁ በዓይኑ ከለከላቸው። መቶ ሲሞላ ሽማግሌው ክንዳቸውን እያወጡ፣ «ለብ ያለ ነው፣ ዝሩ» አሉ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። አባ መቶ ጎንበስ ብለው አዩ። ክንዳቸው ቀልቷል፤ ቆዳው እንደ ተቀቀለ ቲማቲም ልጣጭ እየተነሳ ነው።

«ፍጉ የገባው ትናንት ነው» አለ ልጁ ለወይዘሮዋ። «አልነገርኩዎትም?»

ወይዘሮዋ ፊታቸውን አዞሩ። ከነገ ጀምሮ መደቡን ልጁ እንዲይዝ፣ ሽማግሌው ቤታቸው እንዲያርፉ ቀስ ብለው ተናገሩና ሄዱ። ሠራተኞቹም አንገታቸውን ደፍተው ተከተሏቸው።

ልጁ ከኪሱ ቴርሞሜትር አውጥቶ በአባቱ መዳፍ ላይ አስቀመጠ።

«እንካ፣ አባዬ። እጅ ለሌለው ሰው ነው ብለህ የለ?»

አባ መቶ ጣቶቻቸውን አጠፉ። መያዝ አለመያዛቸውን ለማወቅ ግን ወደ ታች ማየት ነበረባቸው።