ሦስት ጊዜ ድው

እኔ አናጢ ነኝ። ለሰው የምሠራው መሳቢያ ሲዘጋ ትንፋሹ አይሰማም። የገዛ ቤቴ የማንኪያ መሳቢያ ግን በተዘጋ ቁጥር ድው! ሲል ጎረቤት ይደነግጣል። ሚስቴ "ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ይሄን ነገር አስተካክለው!" ስትለኝ፣ እኔም "ነገ" ስላት ሃያ ዓመት ሞላን።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት መሳቢያውን ሦስት ጊዜ ጠረቀመችው። የቤታችን ቋንቋ ነው፤ አንዴ ከሆነ ቸኩላለች፣ ሁለቴ ከሆነ ደክሟታል፣ ሦስቴ ከሆነ ጥፋቱ የኔ ነው።

ደሜ ፈላ። ገበያ ስትወጣ ጠብቄ መሳቢያውን አወጣሁት። ሐዲዱን እንዳይንቋቋ ሻማ ቀባሁት፤ መሳቢያው የሚጋጭበት ጫፍ ላይ ደግሞ ከአሮጌ ብስክሌት ጎማ ቆርጬ ለጠፍኩበት። እስቲ አሁን ትጠርቅመው!

ከነኩርፊያዋ ተመለሰች። ማንኪያ አወጣችና መሳቢያውን ባላት ኃይል ገፋችው። እሱ እቴ! እንደ ጨዋ እንግዳ ኮሽ ሳይል ገብቶ ተቀመጠ። ደገመችው። ሠለሰችው። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

"ምን አደረግኸው?"

"አስተካክለው አላልሽም እንዴ?"

ሳቋ አመለጣት፤ እኔም መቻል አቃተኝ። ስንስቅ ቆይተን ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

"እንግዲያው በአፌ ልንገርህ" አለች። "ትናንት እህቴ ፊት 'እሷ ምን ታውቃለች' አልከኝ።"

እውነቷን ነው፤ ብያለሁ። ይቅርታ ጠየቅኋት።

ሃያ ዓመት ሙሉ ሦስት ጊዜ ድው ሲል ጥፋቱ የኔ መሆኑን አውቅ ነበር። ጥፋቴ ምን እንደሆነ የሰማሁት ግን መሳቢያው ዝም ያለ ቀን ነው።