የተዘቀዘቀው ቄሳር

የቅርስ ጠጋኟ ጥርሷን ነከሰች። ሃያ ሁለት ዓመት ከሙዚየሙ ምድር ቤት ተቀምጣ የተሰበረ ስትገጣጥም ብዙ ጉድ አይታለች፤ የዛሬው ግን ባሰ።

«አንዲት ትንሽ ቀዳዳ ብቻ» አሉ ዳይሬክተሩ፣ መሰርሰሪያውን ራሳቸው ይዘው ወርደው። «ከላይ፣ ከዘውዱ አጠገብ።»

የሚበሳው የቄሳር ፊት የተቀረጸበት የሮም የብር ሳንቲም ነው። የተገኘው ከሮም ድንበር የአሥር ቀን መንገድ ርቆ፣ ከአንዲት የስድስት ዓመት ልጅ መቃብር፣ ደረቷ ላይ። እዚያ አገር በሳንቲም የሚገዛ ነገር አልነበረም፤ በስተው በክር አንጠለጠሉላት። ጣጣው፣ የበሳው ሰው ከቄሳሩ አንገት በታች ስለበሳው ሳንቲሙ ሲንጠለጠል ቄሳሩ በአናቱ ይቆማል። ነገ ደግሞ ኤግዚቢሽኑን ሚኒስትሩ ይከፍታሉ።

«ጋሼ፣ ይቺ ቀዳዳ እኮ አሥራ ሰባት መቶ ዓመቷ ነው!»

«ስህተት ናታ! ሮምን የማያውቅ ሰው የቱ ላይ፣ የቱ ታች እንደሆነ በምን ያውቃል?»

«ጭንቅላት ወደ ላይ መሆኑን የማያውቅ ሰው አለ?»

«ታዲያ ለምን ዘቀዘቁት?»

ያበገናት ይኼው ጥያቄ ነው። ሦስት ወር ሙሉ ስታስብበት ከርማ ጠብ ያለ ነገር የለም። ሰውዬው ደግሞ መሰርሰሪያውን ሶኬት ላይ መሰካት ጀምረዋል።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ!» ብላ ጮኸች። ለሙከራ በሰም የሠራችውን የሳንቲሙን አምሳያ ከነክሩ ከጠረጴዛው አንስታ አንገታቸው ላይ አጠለቀችላቸው። «እንኩ! መጀመሪያ ይዩት፣ ከዚያ እንደፈለጉ ይብሱት!»

ዳይሬክተሩ እየሳቁ ጎንበስ ብለው ደረታቸውን አዩ። ሳቁ ቆመ።

«ቀጥ ብሏል እኮ» አሉ።

ከፊታቸው ለቆመችው ለጠጋኟ ግን ቄሳሩ እንደተዘቀዘቀ ነው። ያኔ ገባት። በራሷም ተናደደች፤ ሦስት ወር ስታየው የከረመችው እንደ እንግዳ ከፊት ለፊት ሆና ነው። ያ «የማያውቅ» የተባለው ሰው ልጅቷ አቀርቅራ ስታየው ፊቱ ቀና እንዲልላት አስቦ ነው የበሳው። 

ዳይሬክተሩ አምሳያውን ከአንገታቸው አላወለቁም።

«ሚኒስትሩ ግን የሚያዩት ተዘቅዝቆ ነው» አሉ። «ይስቁብናል።»

«ይሳቁ» አለች፣ መሰርሰሪያውን ነቅላ መሳቢያዋ ውስጥ እየቆለፈችበት። «ለእሳቸው አልተበሳም።»