«ታሟል» የምንለው ሳንቲም

አሠሪዬ አውራ ጣቱን ሳይልስ ምንም ነገር አይነካም። ወረቀት ሲገልጥ ይልሳል፣ መሳቢያ ሲከፍት ይልሳል፣ ደንበኛ ለመጨበጥ ሲነሳም ልሶ ነው የሚነሳው። ከዚያ በዚያው ጣት መቶ ዓመት ያለፈውን ሳንቲም ፊቱን ይጫነዋል። ሳንቲም በጠርዙ እንጂ በፊቱ አይያዝም። የሰው ጣት ላብና ቅባት አለው፤ ዛሬ የነኩት ቦታ ከዓመት በኋላ ጥቁር አሻራ ሆኖ ይወጣል፣ ዋጋውንም ይዞት ይወርዳል። ይሄን ያስተማረኝ እሱ ራሱ ነው።

በሰፈሩ «ጋሼ ሚዛን» ይሉታል። ለክብር ይሁን ለሽሙጥ ጠይቄ አላውቅም። እኔም ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፣ በልቤ ግን «አንተ»ም ትበዛበታለች። የድሮ ሳንቲም የምንገዛበትና የምንሸጥበት ሱቅ የአንድ አሮጌ ፎቅ ምድር ቤት ነው፤ አንድ መስኮት፣ አንገቱ የሚታጠፍ አንድ መብራት፣ አንድ ሚዛን፣ የቀረው ሁሉ መሳቢያ ነው። ዓይኑን ሞራ ከጋረደው ስድስት ዓመት ሆነው። እኔን የቀጠረኝም ያኔ ነው። ሳንቲሙን የማየው እኔ ነኝ፣ ዋጋውን የሚጠራው እሱ። ስለዚህ ስሜን ትቶ «ዓይኔ» ይለኛል፤ ሰው ሲሰማው ፍቅር ይመስለዋል።

የማየት ሥራ እንዲህ ነው። ሳንቲሙን በጠርዙ ይዤ መብራቱ ሥር ቀስ እያልኩ አዘነብለዋለሁ። ከማተሚያው ወጥቶ ብዙ እጅ ሳይነካው የተቀመጠ ከሆነ ብርሃኑ ፊቱ ላይ ይዞራል፤ እጅ ያንገላታው ከሆነ ብርሃኑ አይዞርም፣ ባለበት ይተኛል። ከዚያ ከፍ ከፍ ያሉትን ቦታዎች አያለሁ። መጀመሪያ የሚያልቀው ሳንቲሙ ላይ የተቀረጸው ሰውዬ ጉንጭ ነው፣ ቀጥሎ ከጆሮው በላይ ያለው ጸጉር። ጸጉሩ ዘለላ በዘለላ ተለይቶ ከታየኝ ደስ ይለኛል፣ ተድበስብሶ ካገኘሁት ወደ ታች እወርዳለሁ። ደረጃው ከአንድ እስከ ሰባ ነው። አንድ ማለት ሳንቲም እንደነበር በጭንቅ የሚለይ ልሙጥ ብረት ነው፤ ሰባ ማለት በአጉሊ መነጽር እንኳ እንከን የማይወጣለት፤ እሱን በዕድሜዬ አላየሁም። በስልሳና በስልሳ አምስት መካከል ያለው ልዩነት ለመንገደኛ አይታየውም፣ ዋጋው ግን ሰማይና ምድር ነው። ይሄን ሥራ እወደዋለሁ። የማይወደድ ነገር ቢኖር ከሥራው ጋር የሚመጣው ነው።

ለምሳሌ «ታሟል» የምትለው ቃል። ሰው ሳንቲሙን ይጠብቅልኛል ብሎ ለስላሳ ፕላስቲክ ኪስ ውስጥ ይከተዋል። ፕላስቲኩ ደግሞ በዓመታት ውስጥ ያልበዋል፤ አረንጓዴ፣ ዝልግልግ፣ እንደ ንፍጥ የሚለጠፍ ነገር ያወጣል። ያየው ሁሉ ፊቱን ያጨማድዳል። ሥሩ ያለው ሳንቲም ግን ብዙ ጊዜ ምንም አልሆነም። ንጹሕ አሴቶን፣ ያው የጥፍር ቀለም የሚለቀቅበት፣ ውስጥ ነክሮ መተው ነው፤ ዝልግልጉ ሟሙቶ ይወርድና ሳንቲሙ እንደነበረ ይወጣል። እኛ ይሄን «ማጽዳት» እንለዋለን። መፈተግ ከመጣ ግን አለቀ። በጥጥም ይሁን በሐር ጨርቅ፣ ፊቱ በጭረት ይሞላል፤ ያ ሳንቲም ከዚያ ወዲያ «የታጠበ» ነው፣ የታጠበ ሳንቲም ደረጃ የለውም፣ በብረቱ ክብደት ይሸጣል። መታጠብ ነውር የሆነበት ሥራ ከኛ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

አሠሪዬ ስለማያይ ደንበኛ ፊት የምንግባባበት ቃል ያስፈልገን ነበር። «ደህና ነው» ካልኩ የማይረባ ነው፣ አመስግኖ ይሸኛል። «ታሟል» ካልኩ አረንጓዴው ሥር ጥሩ ነገር ተኝቷል ማለት ነው። ያኔ ራሱን ይነቀንቅና፣ «ውይ፣ የብረት በሽታ ነው፤ ወደ ሌላውም ይጋባል። እኛ ብንወስደውም ለማቅለጫ ነው» ይላል። ሰዎቹ አረንጓዴውን ያዩታል፣ ይዘገንናቸዋል፣ የወረወረላቸውን ተቀብለው እጃቸውን ልብሳቸው ላይ እየጠረጉ ይወጣሉ። ማታውኑ እነክረዋለሁ፣ በነጋታው እጥፍ ድርብ ይሸጠዋል። ስድስት ዓመት ሙሉ «ሆድ ክፉ ነው» እያልኩ ታሟል አልኩ። ቤት ስገባ እጄ አሴቶን አሴቶን ይሸታል፣ ምግብ ይዘጋኛል።

ልብስ ሰፊዋ ከኛ በላይ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ናት። በኪራይ ማሽን ነው የምትሠራው። የኮቴን ገበር ሁለት ጊዜ ሰፍታልኝ ገንዘብ ሳወጣ፣ «ሂድ ወዲያ፣ ጎረቤት አይደለህ እንዴ?» ብላ እጄን መልሳዋለች። እትዬ ነው የምላት። ማክሰኞ ጠዋት በፕላስቲክ ኪስ ውስጥ ያለ አንድ የብር ሳንቲም ይዛ ወረደች።

«ባለማሽኑ ሊሸጠው ነው» አለች። «እስከ ቅዳሜ ገንዘቡን ካላመጣሽ ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ አለኝ። ሌላ የለኝም፣ ጋሼ። ይሄን አባቴ ሲሞት ‹ሲጨንቅሽ አውጪው› ብሎ የሰጠኝ ነው። ይኸው ጨነቀኝ።»

ኪሱን ስከፍተው ዝልግልጉ ጣቴ ላይ ተሳበ። ሳንቲሙን በጠርዙ ይዤ መብራቱ ሥር አዘነበልኩት። አረንጓዴው ባልደረሰበት በኩል ብርሃኑ ዞረ። የጉንጩ ሙላት እንዳለ ነው፣ ጸጉሩ ዘለላ በዘለላ ይቆጠራል። ስልሳ አራት፣ ምናልባትም ስልሳ አምስት። ማሽኑን ገዝቶ፣ የዓመት የቤት ኪራይ ከፍሎ የሚተርፍ ሳንቲም ነበር።

«እህ፣ ዓይኔ?» አለ አሠሪዬ። አውራ ጣቱ አፉ ውስጥ ነበረች።

«ደህና ነው» ማለት እችል ነበር። ሁለት ቃል ናት፤ ሴትዮዋ ሳንቲሟን ይዛ ትሄዳለች፣ የቀረውን እኔ ሽቅብ ወጥቼ አስረዳታለሁ። ግን ለስድስት ዓመት የለመደ ምላስ ልብን አይጠብቅም።

«ታሟል» አልኩ።

የተለመደውን ስብከቱን ሰበከ። የጠራው ዋጋ የብሩን ክብደት እንኳ ግማሽ አይሞላም። እሷ «እስቲ ልምከርበት» ብላ ሳንቲሙን ወደ ፕላስቲክ ኪሱ መለሰች። እሱ በአገጩ ጠቀሰኝ፤ ሸኛት፣ አለስልሳት ማለቱ ነው። ተከትያት እስከ ደረጃው ወጣሁ። የሱቁ በር ከኋላዬ ክፍት ነው፣ ዓይኑ የከዳው ሰው ደግሞ ጆሮው የሌባ ነው። ጎንበስ ብዬ በሹክሹክታ፣ «እትዬ፣ አትሽጪው። ይጸዳል» አልኳት። ይቺው ነች። እጄን ጨበጥ አድርጋ ወጣች።

ያን ቀን ራሴን ጀግና አድርጌ ዋልኩ። ጣቱን ሲልስ እንኳ በሆዴ እየሳቅሁበት ነበር። ከሥራ ስወጣ ወደ ላይ አንጋጠጥኩ፤ የእሷ ክፍል ተዘግቷል። ነገ ጠዋት አሴቶኑን ይዤላት እወጣለሁ ብዬ ሄድኩ።

ጠዋት እኔ በር ስከፍት እሷ ቆማ ትጠብቃለች። ፊቷ በርቷል። ከደረቷ ነጭ ጨርቅ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ፈታችው። ሳንቲሙ እንደ አዲስ ማንኪያ ያብረቀርቃል፤ የጥርስ ሳሙና ሽታውም ፊቴ ላይ መጣ።

«ትናንት ከሰዓት ሥራ ዘግቼ እሱን ስሠራ ነው የዋልኩት» አለች። «መጀመሪያ በሳሙና ዘፈዘፍኩት። ከዚያ በጥርስ ሳሙናና በብሩሽ። ጸጉሩ መሃል የገባችው እምቢ ብላኝ በመርፌ ጫፍ ለቀምኳት። አሁን እስቲ በሽታ ካለው አሳዩኝ።»

አነሳሁት። መብራቱ ሥር አዘነበልኩት። ብርሃኑ አልዞረም። ከጉንጩ እስከ ጠርዙ ጭረት ነው፣ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ፤ ጠንቃቃ ናትና ከላይ ወደ ታች ብቻ ነበር የፈተገችው። ጸጉሩ መሃል መርፌዋ የሄደችበት ሁሉ ይታያል። ምራቄ መረረኝ። በኛ ቤት ማጽዳት ሌላ ነው ማጠብ ሌላ፤ በሰው ሁሉ ቤት ግን ማጽዳት ያው ማጠብ ነው። «እንዳትፈትጊው» የምትል አንዲት ቃል ነበር የሰሰትኩባት።

«እህ፣ ዓይኔ?»

ለዚህ የተስማማንበት ቃል አልነበረንም። «ታጥቧል» አልኩ።

ወደ አፉ ስትሄድ የነበረችው ጣት መንገድ ላይ ቆመች። ምን እንደጠፋ ገብቶታል፤ ጉንጩ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ልብስ ሰፊዋ ግን ቃሉን በሰው አማርኛ ነው የሰማችው።

«አዎ፣ ታጥቧል!» አለች ደስ ብሏት። «ትናንት የጠሩት ዋጋ ለበሽተኛው ነበር፣ ጋሼ። ይሄ እኮ ድኗል።»

አሠሪዬ መታጠቡ ገደለው እንዳይላት፣ ትናንት በሕይወት ነበር ወይ ብላ ትጠይቀዋለች። በገዛ ውሸቱ ተጠልፎ ወደቀ። «ማነው እጠቢው ያለሽ?» አለ በመጨረሻ፣ ፊቱን ወደኔ አዙሮ።

ወደኔ እንኳ አልተመለከተችም። «ማን ይለኛል? ቆሻሻ ይታጠባል፣ ይሄ ምክር ይፈልጋል እንዴ?» አለችው።

ሳንቲሙን ሚዛን ላይ አስቀምጥ አለኝና የክብደቱን ዋጋ ሙሉውን ከፈላት። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድን ሰው እንደሚገባው ሲከፍል ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እሱ ወዲያው ጣቱን ልሶ የሳንቲሙን ፊት ተጭኖ ዳበሰው፣ ከዚያ ለማቅለጫ የሚሄደው ሣጥን ውስጥ ወረወረው። በዚህ ሣጥን ውስጥ በእውነት ለማቅለጫ የሚሄድ ነገር ሲገባ ማየት ብርቅ ነው።

ተከትያት ወጣሁ። አሁን እነግራታለሁ አልኩ። የምፈራው ነገር እንኳ አልቀረም፣ ሳንቲሙ ሞቷል። ደረጃው ሥር ደርሳ ገንዘቡን በዚያው ነጭ ጨርቅ ቋጠረችው።

«ለማሽኑ አልደረሰም» አለች። «የሩቡ ሩብም አይሆን። ቅዳሜ ይወስደዋል እንግዲህ፣ በእጄ እሰፋለሁ፤ ከማሽን በፊትም ሰው ይለብስ ነበር።»

«እትዬ» አልኩ።

«አትስጋ፣ ስምህን አላነሳሁም» አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አንተ ባትነግረኝ የዛሬውን ግማሽ ተቀብዬ አርፌ ነበር። እኔ ለዚህ ሰውዬ የሚሠራ ሁሉ እሱን ይመስላል ስል ነበር፣ ይቅር በለኝ። እንዳንተ ያለ አንድ ሰው ስላስቀመጠልኝ ፈጣሪን አመሰገንኩት።» እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች። የጣቶቿ ጫፍ ከትናንቱ ፍትጊያ ተልጧል። «ያሰብከው ይሳካልህ። ክፉ አይንካህ። ሰው አያሳጣህ።»

አንድ ደረጃ ወጣ ብላ ቁልቁል እያየችኝ መልሴን ጠበቀች፣ ምርቃት ሳይቀበሉት አይታለፍምና።

«አሜን» አልኳት።