የብልቃጦቹ ደብተር

አራሚው ቅዳሜ ጠዋት ሲነቃ የቀኝ ክርኑ አልታጠፍ አለው። ምን እንደነካው ለማወቅ ሐኪም አላስፈለገውም። ሄሞፊሊያ ያለበት ሰው ደሙ ቶሎ አይረጋለትም፤ ሳይመታና ሳይቆረጥ መገጣጠሚያው ውስጥ ይደማል። እሱም ሃምሳ አንድ ዓመት ከዚሁ ጋር ኖሯል። መድኃኒቱ ማቀዝቀዣ ውስጥ አለ። ችግሩ ግራ ክንዱን የሚወጋበት እጅ ይኸው የታመመው መሆኑ ነው። በእንዲህ ያለ ቀን የምትወጋው እህቱ ለሥራ ሌላ ከተማ ሄዳለች፤ ክሊኒኩም እስከ ሰኞ ዝግ ነው። እስከዚያ ከቆየ ክርኑ እንደ ግራ ጉልበቱ ደርቆ ይቀራል። በደረቀ ጉልበት እያነከሱ ይኖራል፤ በደረቀ ክርን ግን የማተሚያ ቤት ጽሑፍ አይታረምም።

ቤት ውስጥ ያለችው እናቱ ብቻ ናት። ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። በወዲያኛው ክፍል ልብስ እያጣጠፈች ነው። ይህን ነገር ሊጠይቃት የማይገባ አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነው።

ልጅ ሳለ የምትወጋው እሷ ነበረች። ወግታው ስትጨርስ ከብልቃጡ ላይ ቁጥሩ ያለበትን ወረቀት ልጣ ደብተር ላይ ትለጥፍና ከጎኑ ቀኑንና ምክንያቱን ትጽፋለች፦ ክርን፣ ድድ፣ ቁርጭምጭሚት። መድኃኒቱ ያኔ ከብዙ ሺህ ሰው ደም ተጣርቶ የሚሠራ ነበር፤ ኤች አይ ቪ አብሮ እንደሚገባ እሷ በምን ታውቃለች? ልጁ ሃያ ዓመት ሲሞላው ቫይረሱ ደሙ ውስጥ ተገኘ፤ ሐኪሙ ደብተሩን ገልጦ ተበክሏል የተባለ አንድ ቁጥር ላይ ጣቱን አሳረፈ። «ከዚህኛው ነው የገባው» አለ። ከጎኑ በእናቱ የእጅ ጽሑፍ «ቅዳሜ፣ ግራ ጉልበት» ይላል።

«በእጅሽ ገደልሽኝ» አላት፣ እዚያው ሐኪሙ ፊት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። እናቱ ደብተሩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ወዲያ መርፌ ነክታ አታውቅም።

ሁለት ዓመት ይኖራል ያሉት ሐኪሞች አንድ በአንድ ጡረታ ወጡ፤ እሱ ግን አሁንም በሕይወት አለ። በየቀኑ ለሚውጠው ክኒን ምስጋና ይግባውና ቫይረሱ ዛሬ በምርመራ እንኳ አይታይም። ግን ለመሞት ተዘጋጅቶ የነበረ ሰው መኖር ሲመጣበት ምን ያድርግ? በማተሚያ ቤት ክኒኑን ቫይታሚን ነው ይላል፤ ማነከሱን ሪህ ነው ይላል። ባልደረቦቹ «ጋሽ ሪህ» ሲሉት አብሮ ይስቃል። አንዲት የጽሕፈት ሠራተኛ እሁድ ቤቷ ስትጠራው ሦስት ዓመት ሰበብ ደረደረላት። ይኼ ሁሉ ያሳፍረዋል። የሚያንገበግበው ግን ሌላ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ስሕተት በቀይ ብዕር ሲያሳድድ ይውላል፤ የራሱን አንዷን ስሕተት ግን ሆድ ይፍጀው ብሏታል።

ያን ቅዳሜ ጉልበቱ አልደማም ነበር።

የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር፤ የክፍሉ ልጆች የኳስ ግጥሚያ ነበራቸው። ተወግቶ ከገባ ቢወድቅም እንደማይደማ ያውቃል፤ ለኳስ ብላ እንደማትወጋውም ያውቃል። «ጉልበቴን አመመኝ» ብሎ ዋሻት። እሱ ራሱ ለምኖ ያስወጋውን መርፌ ይኸው እስከ ዛሬ እሷን አሸክሟታል።

በሩ ላይ ቆመ። «እማዬ።»

«አቤት።»

«ክርኔ ደምቷል። እህቴም የለች።»

እናቱ የያዘችውን ሸሚዝ አስቀመጠች። «እጄ እኮ ይንቀጠቀጣል፣ ልጄ።»

«አውቃለሁ። ግን ካንቺ ሌላ የለኝም።»

እስከ ክርኗ ታጠበች። መድኃኒቱን በጠበጠች፣ ብልቃጡን እንደ ድሮዋ በሁለት መዳፏ መካከል ቀስ አድርጋ አንከባለለች። የክንድ ማሰሪያውን ላስቲክ ስታነሣ ግን ግራ ክንዱን ወደ ራሱ ሳበ።

«ቆይ፣ ሳትወጊኝ ልንገርሽ። ያን ቅዳሜ ጉልበቴን አላመመኝም ነበር። ኳስ ልጫወት ብዬ ዋሽቼሽ ነው። ይኼን እያወቅሁ ነው ሐኪሙ ፊት እንደዚያ ያልኩሽ።» መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ዓይኗን ለማየት አልደፈረም።

እናቱ ላስቲኩን ጣቷ ላይ ጠቀለለች፣ ፈታች።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«እንደዋሸኸኝ ነዋ። ነክቼው ነበር እኮ። የሚደማ ጉልበት ይሞቃል፤ ያንተ ቀዝቃዛ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ወጋሽኝ?»

«ሁልጊዜ መስኮቱ ላይ ተለጥፈህ ነበር ልጆቹን የምታያቸው። አንድ ቀን እንኳ ይጫወት አልኩ።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «መድኃኒቱን ለጨዋታ ጨረሰችው እንዳይሉኝ አፍሬ ነው ጉልበት ብዬ የጻፍኩት። ሐኪሙ ፊት ያን ስትለኝ፣ አውቄ መውጋቴን ልጄ አወቀብኝ ብዬ ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ።»

ፊቱን በደህናው እጁ ሸፈነ። ሁለቱም አንድ ውሸት ከሁለት ጫፍ ይዘው፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲተፋፈሩ አርጅተዋል።

«ለመሆኑ አሸነፋችሁ?» አለችው።

«አምስት ለባዶ ተሸነፍን።»

«አንተስ ምን ነበርክ?»

«በረኛ።»

እናቱ ሳቋ አመለጣት፤ ዓይኗንም ጠረገች። እጇን እንደገና ታጠበች። ከዚያ አሮጌ መዳፏን በቀኝ ክርኑ ላይ አሳረፈችና ጥቂት ቆየች።

«ይሄስ ይሞቃል» አለችና መርፌውን አነሣች።