ስድስት ማንኪያ ጨው

እናቴ ሒሳብ የምታስተምረን በድስት ነው። ክፍልፋይ በዱቄት፣ ማባዛት በሩዝ፣ ሰዓት በምድጃ። ሰው ሲሰማው ደስ ይለዋል። ጎረቤቶቻችን «ታድላችሁ! እየበላችሁ ትማራላችሁ» ይሉናል፤ እኔም አንገቴን ደፍቼ «አዎ» እላለሁ። የማይነገራቸው የቤቱ ሕግ ነው። የተናገርሽውን ትበያለሽ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናቴ ትጠይቃለች፣ እኛ እንመልሳለን፣ እሷ ያልነውን ያህል ትጨምራለች። ልክ ከሆነ ምሳ አለ። ስህተት ከሆነ አትቆጣም፣ አትመታም። ዝም ብላ አብስላ ተናጋሪዋ ፊት ታስቀምጠዋለች፤ «ብይ» ትላለች። ሳህኑ ሳያልቅ ከወንበር መነሳት የለም። ታናሽ እህቴ ሚጡ አምስት ዓመቷ ሳለ፣ ለኬክ ሩብ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ማለት ሲገባት አራት አለች። ያንን መራራ ኬክ ሦስት ቀን ሙሉ በላችው፤ እያለቀሰችም፣ እያቅለሸለሻትም። ከዚያ ወዲህ ሚጡ ቁጥር ከመጥራቷ በፊት ከንፈሯን ትልሳለች።

እናቴ ድሮ የሒሳብ አስተማሪ ነበረች። ከርዕሰ መምህሩ ጋር ተጣልታ ሥራዋን የለቀቀች ዕለት እኔንም ከሦስተኛ ክፍል ጎትታ አወጣችኝ። «እኔ ያልተፈለግሁበት ቦታ ልጄ ምን ትሠራለች?» አለች። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ አሁን አሥራ ሦስት ሞላኝ። አባታችን የረጅም መንገድ ሾፌር ነው። በወር አንዴ ይመጣል፣ «እናታችሁ ታውቃለች» ይላል፣ ይተኛል። ሚጡ ትምህርት ቤት ረግጣ አታውቅም። እኔ ግን አውቀዋለሁ። የወንበር ጓደኛዬን ሳቅ፣ የእረፍቱን ደወል፣ ስትሳሳቺ «እሺ፣ ሌላ ሰው» ተብሎ የሚታለፍበትን ቦታ አውቀዋለሁ። ሰማያዊ የደንብ ልብሴን አራት ዓመት ሙሉ ፍራሼ ሥር ደብቄዋለሁ። ጠቦኛል፤ ይሁን፣ የኔ ነው።

አንድ ቀን ከትምህርት ቢሮ ደብዳቤ መጣ። እናቴ ፍሪጁ ላይ ለጠፈችው፤ እኔም ወተት ላወጣ በሄድኩ ቁጥር አነበብኩት። ተቆጣጣሪ መጥታ ትፈትነናለች። ለዕድሜያችን ከሚገባው በታች ከሆንን ቤት ውስጥ መማሩ ይቀርና ትምህርት ቤት እንገባለን። ከዚህ ቤት ለመውጣት መሳሳት ብቻ በቂ ነበር።

«እኔ ያልኩትን ትያለሽ» አልኳት ሚጡን፣ ልብስ ስናጥፍ።

«ስህተት ቢሆንስ?»

«ስህተት ነው የሚሆነው። ከዚያ ሁለታችንም ትምህርት ቤት እንገባለን።»

«ማን ይበላዋል ታዲያ?»

«ማንም። እንግዳ ፊት አታበላንም።»

ከንፈሯን ላሰች። «እሺ እትዬ» አለችኝ።

ተቆጣጣሪዋ ሐሙስ ረፋድ ላይ መጣች፤ ደግ ፊት ያላት፣ ትልቅ ቦርሳ ያንጠለጠለች ሴት። ወጥ ቤቱን፣ ሚዛኑን፣ በቁመታቸው የተደረደሩትን ኩባያዎች አይታ «ምነው የኔ እናት እንዲህ ባስተማረችኝ!» አለች። ምድጃው ላይ የካሮትና የድንች ሾርባ ይንተከተካል።

«ለስድስት ሰው ሾርባ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨው ይገባል» አለች እናቴ። «ዛሬ አራት ነን። ስንት ልጨምር? እስቲ ትልቋ።»

አንድ ነው። ከእንቅልፌ ቀስቅሰው ቢጠይቁኝም አልስተውም። በጣቶቼ የቆጠርኩ መስዬ፣ አንድ ተኩሉን በአራት አባዝቼ ማካፈሉን የረሳሁ መስዬ፣ «ስድስት» አልኩ።

እናቴ ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ የጨው ዕቃውን ከፍታ ስድስቱንም አንድ በአንድ ጨመረች።

«ውይ!» አለች ተቆጣጣሪዋ።

«እኛ ቤት ስህተት አይደበቅም» አለች እናቴ እየሳቀች። «ትንሿስ? አንቺ ብትሆኚ ስንት ትያለሽ?»

ሚጡን በዓይኔ ለመንኳት። እሷ ግን የምታየው እኔን ሳይሆን ድስቱን ነበር። ከንፈሯን ላሰች። «አንድ» አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ። «አንድ ነው እማዬ! እኔ አንድ ነው ያልኩት! ስድስት አላልኩም!»

ተቆጣጣሪዋ ሁለታችንንም ሌላ ጠየቀችን፤ ሌላም፤ ሌላም። እኔ የደረሰኝን ሆን ብዬ ሳትኩ። ሚጡ እየተንቀጠቀጠች ሁሉንም መለሰች። ሴትዮዋ መንቀጥቀጡን እንደ ጉጉት ቆጠረችው። «ይህቺማ እዚህ መቅረት የለባትም፤ ቢሮው ከዕድሜያቸው የሚቀድሙትንም ያስገባል፤ ሰኞ አራተኛ ክፍል ትገባለች» አለችና ወደኔ ዞረች። «አንቺም በሕጉ መሠረት መግባት አለብሽ ልጄ። ግን በዚህ ዕውቀት ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ከትንንሾች ጋር።»

«ልግባ!» አልኩ። «ደግሞ አውቃለሁ! አንድ ነው! አውቄ ነው የተሳሳትኩት፣ ሌላ ይጠይቁኝ!»

«እህትሽ ከመለሰችው በኋላማ...» ብላ አዝና ፈገግ አለች።

እናቴ ትከሻዬን አቀፈችኝ። አራት ዓመት አቅፋኝ አታውቅም። «ተይ የኔ ልጅ፣ ራስሽን አታስጨንቂ» አለችኝ፤ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለሴትዮዋ፣ «እንዲህ እያለች ነው የምታድረው። አሥራ ሦስት ዓመት ሞልቷት ሕፃናት መሃል ብትቀመጥ በኀፍረት ትሞትብኛለች። አንድ ዓመት ይስጡኝ፤ ከጎኗ ሳልለይ አደርሳታለሁ።» ዓይኗ እንባ አቀረረ። ተቆጣጣሪዋም ዓይኗን ጠራርጋ የአንድ ዓመቱን ፈቃድ ጻፈችላት። ሁለቱንም ጠላኋቸው።

በሩ እንደተዘጋ እንባው ደረቀ። «የማያውቅ ልጅና የሚዋሽ ልጅ የሚምታቱብኝ መሰለሽ?» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገርሻትም?»

«ምን ብዬ? ስድስት ያልሽው አንቺ ነሽ።»

ሰኞ ጠዋት የደንብ ልብሴ ተተኩሶ ወንበር ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት። የት እንደደበቅኩት እናቴ ከመጀመሪያውም ታውቅ ኖሯል። ሚጡን አለበሰቻት። «በልኳ የተሰፋ ነው የሚመስለው» አለች። ሚጡ ብቻዬን አልሄድም ብላ አለቀሰች፣ በሩን ይዛ አለቀሰች፤ በኋላም ወደኔ ዞራ እንደ ሁልጊዜው የአንገትዋን ቁልፍ እንድቆልፍላት አገጯን ቀና አደረገች። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት። ምንም አላጠፋችም፤ ጨው ፈርታ ነው። እኔ ግን እጄን ወደኋላ አድርጌ «ራስሽ ቆልፊ» አልኳት። ከዚህ ሁሉ ነገር ዛሬም የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

እናቴ ሚጡን አድርሳ ስትመለስ ሽርጧን አሰረች፤ ፍሪጁን ከፍታ ሳይነካ የቆየውን የሐሙሱን ድስት አወጣች፤ ሾርባውን አሞቀችው።

«ቁጭ በይ። ትምህርት እንጀምር» አለች። «ድስቱ ውስጥ አሥራ ሁለት ጭልፋ ሾርባ አለ። በቀን ሁለት ጭልፋ ብትበዪ ስንት ቀን ይበቃሻል?»

ልሳሳት አማረኝ። ግን ብሳሳት ደግሞ ምን እንደምትጨምርበት አላውቅም። ከንፈሬን ላስኩ።

«ስድስት» አልኳት።

«ጎበዝ» አለችኝ፣ በአራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፤ ማንኪያውንም ሰጠችኝ።