እልል የሚለው ጡንቻ

ሰፈራችን ሮቫ ሄ ውስጥ ሠርግ ካለ እልልታውን የምጀምረው እኔ ሐረጊቱ ነኝ። ማንም አልሾመኝም፤ ግን ከእኔ ቀድማ እልል ያለች ሴት ካለች ትምጣና ትንገረኝ። የልጅ ልጄ የሆዲያ ሠርግ ሁለት ወር ሲቀረው፣ አንድ ጠዋት ውሃ ስጠጣ በቀኝ በኩል ፈሰሰብኝ። መስታወት ባይ ግማሽ ፊቴ ወርዷል።

ጎረቤቴ ያፋ «መጋኛ ነው» አለች። ሐኪሙ ግን የፊት ነርቭ ነው፣ ቀስ እያለ ይመለሳል ብሎ ሮቫ ዛይን ሰፈር ወዳለው ክሊኒክ፣ ጡንቻ ወደምታሠራው ወደ ሺርሊ ላከኝ። ሺርሊ የእኛው የኢትዮጵያውያን ልጅ ናት፤ ጡንቻን ግን በዕብራይስጥ ሽሪር ትለዋለች። ግድግዳዋ ላይ ቆዳው የተገፈፈ ሰው ሥዕል ሰቅላለች፤ እንኳን በሽተኛ ጤነኛም ያስደነግጣል።

«እማማ፣ ይሄ የክንድ ሽሪር መሃሉ ወፍራም፣ ጫፉ ቀጭን ነው፤ አጥንት ይስባል። የአፍዎ ግን ክብ ነው፣ እንደ ቀለበት፤ የሚስበው ቆዳ ነው። ጉንጭዎ ላይ ያለው ጠፍጣፋው ደግሞ አየር ይይዛል።»

«ልቤስ?» አልኳት።

«እሱ ሳያዙት ይሠራል።»

ሳላዘው የሚሠራ እያለ፣ ያዘዝኩት አፌ እምቢ ማለቱ አናደደኝ።

በየቀኑ ጉንጬን ነፋሁ፣ አፌን አሞጠሞጥኩ። ባለቤቴ ዳኘው መስታወቱን ስስም ደርሶብኝ «ለእኔ እንኳ እንዲህ አድርገሽ አታውቂም!» ብሎ ሳቀ። ምላሴ ደህና ነበር፤ ከንፈሬ ግን አየር መያዝ አቃተው።

ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ሺርሊ «እስቲ እልል ይበሉ፣ እንይ» አለችኝ።

«ያለ ደስታ እልል አይባልም!» ብዬ ተቆጣኋት። እውነቱን ልናገር፣ ፈርቼ ነበር።

በሠርጉ ቀን ሙሽራው እንደ አይሁድ ሠርግ ወግ ብርጭቆውን በእግሩ ሰበረ። አዳራሹ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ፤ ሴቶቹ እስክጀምር ይጠብቃሉ። አፌን ስከፍት በቀኝ በኩል ፉፍ ብሎ አየር ወጣ። ያፋ አንገቷን ደፋች። ይሄን ጊዜ ንድድ አለኝ። ትንፋሼን በደንብ ሳብኩ፣ ከንፈሬን እንደምንም ሰበሰብኩ፣ ምላሴን ለቀቅኩት።

«እልልልልል!»

ወጣ! እንደ ድሮው ቀጭን አይደለም፣ ትንሽ አየር ያፈስሳል፤ ግን ጣሪያው ድረስ ሄደ። ሴቶቹ ተቀበሉኝ። ሆዲያ «የኔ ሳቭታ፣ የኔ አያት!» እያለች አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። የሁሉም ትንፋሽ ሲያልቅ የእኔ ገና ነበር። እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በኋላ ጋቢ የሚባለው ፎቶ አንሺ እልል ስል ያነሳኝን ፎቶ አሳይቶኝ «አፍሽን በኮምፒውተር ላቃናው?» ቢለኝ እጁን መታሁት። እንደተጣመመ በትልቁ አሳጥቤ ሳሎን ሰቀልኩት።